ልክክ ያለ ቀሚስ

«ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ» አለች ሰፊዋ፣ እስፒሎቹን በከንፈሮቿ መሃል እንደያዘች።

ልጅቷ ከመስታወቱ ፊት ዱካ ላይ ቆማለች። እናቷ ሰፊዋ ተንበርክካ የቀሚሱን ጎን በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችው። የመጣላት ጨርቅ ካሰበችው በላይ ነበር። ይህንኑ ጎን በቅርቡ አጥብባዋለች፤ ከዚያ በፊትም አጥብባዋለች። አንዱን እስፒል ከአፏ አውጥታ ሰካችው።

«ጨርቁ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ሳቲን እንዲህ ነው፤ ይለጠጣል።»

«የሚለጠጥ ሳቲን ካለማ ለኔም ግዢልኝ» አለች ዚግዛግ ከማሽኗ ቀና ሳትል። «እዚህ ቤት ሳያቋርጥ የሚለጠጥ ሰው እኔ ነኝ።»

ዚግዛግ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ከሰፊዋ ጋር የምትሠራ ሴት ናት። ስሙ የወጣላት የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው ማሽን ላይ ስለምትቀመጥ ነው። ዳሌዋን ስለሚያማት ስትራመድም እንደ ስፌቷ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ሰው ሳይቀድመኝ ብላ።

ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ የአንገቷ ጅማቶች ተገተሩ።

«እማ፣ ዳሌው ላይ ትንሽ ስፖንጅ ብታስገቢበትስ? ትከሻውም ላይ።»

«ለምን?»

«ፎቶ ላይ ጭራሮ እንዳልመስል። ደግሞ አክስቶቼን ታውቂያቸው የለ? ሙሽራዋን ትተው እኔን ነው የሚያሙት።»

ሰርጉ የታላቅ ወንድሟ ነው። ሰፊዋ እጇን ከቀሚሱ ላይ አላነሳችም። ከጨርቁ ስር የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይዳሰሳሉ። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። ነገር ግን የሙሽራዋ ልብስ ገና አላለቀም፣ የሚዜዎቹ ቀሚስ ቁልፍ አልተተከለለትም፤ ደግሞም ልጇ ስፌት ጠይቃት እምቢ ብላ አታውቅም።

«እሺ» አለች። «አስገባበታለሁ።»

ልጅቷ ያደገችው እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ነው። ጉንጯ የሞላ፣ ክንዷ እንደ ሊጥ የተድቦለቦለ ሕፃን ስለነበረች ደንበኞች «ድንቡሼ» አሏት፤ ስሙም ተጣበቀባት። አጥንቷ በሚቆጠርበት በዚህ ጊዜም ሰፈሩ የሚጠራት ድንቡሼ ብሎ ነው። ቅጽል ስም እንደ ልብስ አይጠብብም።

ከጠረጴዛው ስር ሆና የምትሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ወገብ ነበር። ሴቶቹ ሜትሩ ሲዞርባቸው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ባንክ የምትሠራ አንዲት ደንበኛ «እትዬ፣ ቁጥሩን እንዳትነግሪኝ፣ ዝም ብለሽ ስፊ» ትላለች። የቀጠነችው ትመሰገናለች፤ የወፈረችው ማንም ሳይቀድማት ራሷን ትሰድባለች። ሌላው ልጅ ፊደል ሲቆጥር ድንቡሼ ይህንን ቆጠረች።

አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ሰፊዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትለካላት ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር። «ይቺን ልጅስ ጨርቅ አልበቃት አለ» አለች ሰፊዋ። «የሚቀጥለውን ከድንኳን ነው የምቆርጥላት።» ሁሉም ሳቀ። ድንቡሼም ሳቀች። ሰፊዋ ቀልዱን በማግስቱ ረሳችው።

ከዚያ ልጅቷ ዳቦ ተወች። ቀጥሎ ዘይት የነካውን ሁሉ ተወች፤ ቀጥሎ እራት። በመጀመሪያ ሰው አደነቃት። ባንክ የምትሠራው ሴት እንኳ «ምን ተጠቅመሽ ነው? ለኛም ንገሪን እንጂ» አለቻት። ልጅቷ በትምህርቷም እንደዚያ ናት፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ ስለ ሳተችው አንድ ጥያቄ ታለቅሳለች። የአልጋ ልብሷ ጠርዝ ከተዛነፈ አውርዳ እንደገና ታነጥፋለች። የያዘችውን ነገር መሃል መንገድ ላይ መጣል አታውቅበትም። አለመብላትንም እንደዚያው ያዘችው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። «ትምህርት ቤት በልቻለሁ።» «ሆዴን ነፋኝ።» «ፈተና አለብኝ፣ ከበላሁ እንቅልፌ ይመጣል።» እሷ ራሷ ግን ምግብ ትሠራለች። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲገባም ተርቦ ነው፣ ሲርበው ከሳህኑ ሌላ ነገር አያይም። ሩዙን በሥጋ ቆልላ ታቀርብለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያንዳንዱን ማንኪያ እስከ አፉ ድረስ በዓይኗ ትሸኛለች።

«እጅሽ ይባረክ፣ ድንቡሼ» ይላል አፉ እንደሞላ። «የእናትሽማ አይበላም። ጨው የምትጨምረው በሜትር ለክታ ነው።»

በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትለብሳለች። ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉር ይቀራል፤ ክንዷ ላይ ደግሞ እንደ አራስ ልጅ ያለ ለስላሳ ፀጉር በቀለ። የወር አበባዋ መቆሙን ሰፊዋ ያወቀችው መታጠቢያ ቤት ያስቀመጠችላት ጥቅል ሳይከፈት አቧራ ሲጠጣ አይታ ነው። ሁሉንም አይታለች። ላየችው ነገር መልስ የሰጠችው ግን በምታውቀው ሙያ ነው፤ ልብሱ ሰፋ፣ አጠበበችው።

ሙያውን ያስተማረቻት አሮጊት «ልብስ ሰውን ይከተላል እንጂ ሰው ልብስን አይከተልም» ትል ነበር። ልብስ ሰው ላይ ከተንጠለጠለ ጥፋቱ የሰፊው ነው። ስለዚህ የድንቡሼ ልብስ አንድም ቀን ሰፍቷት አያውቅም። ዩኒፎርሙ ልክክ፣ ሱሪው ልክክ፣ ጃኬቱ ልክክ። አስተማሪዎቿ ያዩት ሥርዓት ያላት፣ ቀጠን ያለች፣ ልብስ የሚያምርባት ተማሪ ነው። አባቷም ያንኑ አየ። ሌላ ቤት ቢሆን የሰፋው ልብስ ይናገር ነበር።

ዚግዛግ አንድ ቀን ማሽኗን አቁማ ነገረቻት።

«ይቺ ልጅ ታማለች።»

«ዕድገት ነው። ቁመት እየሳበች ነው።»

«ዕድገት ወደ ላይ ነው። ይቺ የምታድገው ወደ ውስጥ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ ምን ደበቅኩ?»

 ዚግዛግ በመቀሷ ጫፍ መሬት ላይ የወደቁትን ቀጫጭን ብጥስጣሾች አሳየቻት። ሁሉም ከድንቡሼ ልብሶች ጎን የተቆረጡ ነበሩ። ሰፊዋ መጥረጊያ አንስታ ጠረገቻቸው።

በሰርጉ ቀን ድንቡሼ ፎቶውን በሙሉ ቆማ ተነሳች። የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ አዳራሹ ስትገባ፣ በሁለት ረድፍ ወንበር መሃል። ከእንግዶቹ አንዷ ነርስ ነበረች። «አየር! አየር!» ብላ የቀሚሱን ዚፕ እስከ ወገብ ከፈተችው። ስፖንጆቹ ወጡ። ከስፖንጆቹ ስር የነበረውን አዳራሹ በሙሉ አየ።

አባቷ ሰውን ገፍቶ ገባና ሊያነሳት ጎንበስ አለ። ጭነት ማንሳት የለመደ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ጉልበት አዘጋጅቶ ቀና ሲል ሚዛኑን ስቶ ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር። ወንድሙ ደግፎ ያዘው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ተለውጦ ነበር።

«የጥጋብ በሽታ ነው!» አለ ሐኪሟ ፊት። «እኔ በልጅነቴ ደረቅ ዳቦ አጥቼ አድሬ አውቃለሁ። ይቺ ሥጋ ቀርቦላት አልበላም ትላለች!»

«ጥጋብ አይደለም፣ ጋሼ» አለች ሐኪሟ። ገና ወጣት ናት፤ ስትናገር ግን አትቸኩልም። «እርስዎ ሲርብዎት ይጨንቅዎታል አይደል? አንዳንድ ሰው ግን ሲፈጠር ጀምሮ ሌላ ነው። ሲርበው ጭንቀቱ ይረግብለታል። እሷ ሳትበላ ስትውል ሰላም ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ረሃቡ ራሱ አንጎሏን ይይዘዋል። ቀኑን ሙሉ የምታስበው ስለ ምግብ ነው፤ ምግቡ ሲመጣ ደግሞ እንደ እሳት ትፈራዋለች። መስታወት ውስጥም የምታየው እኛ የምናየውን ልጅ አይደለም።»

«ማን ነው ታዲያ ያመጣባት?»

«አንድ ምክንያት የለውም። ከዘር የሚመጣ አለ። ጠባይም አለበት፤ ሁሉን ነገር እንከን የለሽ ካላደረግሁ የሚል ልጅ ቶሎ ይያዛል። ከልጅነት ወደ ሴትነት የሚሻገሩበት ዕድሜም ራሱ ከባድ ነው። ከሰው አፍ የሚመጣም አለ።» ሰፊዋ ቀና አለች። ሐኪሟ ግን ወደ ሁለቱም እያየች ነበር። «በቤተሰባችሁ እንዲህ ያደረገው ሰው ነበር?»

«የለም» አለ አባትየው።

ሰፊዋ ታላቅ እህት ነበረቻት። በቤታቸው «በጨጓራ ሞተች» ነው የሚባለው። ጨጓራዋን ያየ ሐኪም ግን አልነበረም። እህቷ ሳህኗን ይዛ «ነፋስ እየተቀበልኩ ልብላ» ብላ ጓሮ ትወጣና ባዶ ሳህን ይዛ ትመለስ ነበር። የጎረቤቱ ውሻ ወፍራም ነበር። ስትሞት የክት ቀሚሷ ሰፍቷት ተገኘና እናታቸው መርፌና ክር ለታናሺቱ ሰጠቻት። ሰፊዋ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበበችው ልብስ ያ ነው።

«እህቴ» አለች።

ባሏ ዞሮ አያት። «ጨጓራ አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም።»

ሐኪሟ ወደ ሰፊዋ ዞረች። «እርስዎ አላመጡባትም፣ እናቴ። ማን አመጣው የሚለውን ለጊዜው እንተወው። አሁን የሚያስፈራኝ ልቧ ነው። ልብ ጡንቻ ነው። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ይበላል፤ የሷ ሰውነት ልቧን እየበላ ነው። ክብደቷ እኔ የምለው ቦታ ሳይደርስ ከዚህ አትወጣም። ባንዴ መብላትም ለሷ አደጋ ነው፤ ደሟን እየመረመርን ቀስ እያልን ነው የምንመግባት። ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም። ተግባባን?»

«ተግባብተናል» አለች ሰፊዋ።

አባትየው ወደ መንገዱ ተመለሰ። ልጁን በዚያ ሁኔታ ማየት አልቻለም፤ እንዲህ ብሎ ግን አልተናገረም። «ጭነት ቆሞ ይጠብቀኛል» ነው ያለው። ሰፊዋ በየቀኑ ትመላለስ ጀመር። ከልጅቷ አፍንጫ የሚገባ ቀጭን ቱቦ በፕላስተር ጉንጯ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ጠዋት ነርሷ ሚዛኑን እየገፋች ትመጣለች። የሆስፒታሉ ልብስ ለሁሉም ስለማይዳረስ ሕመምተኛው ከቤት የመጣለትን የሌሊት ልብስ እንደለበሰ ይመዘናል። ቁጥሩ ትንሽ ሲጨምር ነርሷ «ጎበዝ!» ትላለች፤ ድንቡሼ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። እጇ በረዶ ነበር።

«እማ፣ መጋረጃ ላይ የምትሰፊያቸው እርሳሶች አሉ አይደል?»

እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆኑ የእርሳስ ብረት ቁራጮች ናቸው። መጋረጃን ነፋስ እንዳያነሳው ከታችኛው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ይሰፋሉ። ሰፊዋ ጋ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አለ፤ ለአንድ ሆቴል መጋረጃዎች የተገዛ።

«ምን ልታደርጊያቸው?»

«ታውቂያለሽ።»

«አንቺ ልጅ፣ አእምሮሽን ሳትሽ?»

«እዚህ ሰው አይድንም። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራል፤ አጠገቤ ያለችው ትጮኻለች፤ አፍንጫዬ ቆስሏል። ስበላ አምስት ሰው ከቦ ያየኛል። ቤቴ ብሆን እበላለሁ። አንቺ የሠራሽው ሾርባ ይበላልኛል። አባቴ ይሙት እበላለሁ።»

«ሐኪሟ ልቧ ያስፈራኛል ብላለች።»

«ልቤ የሚቆመው እዚህ ነው።»

ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ እጇን አልለቀቀችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያለ ቁጣ፣ «እማ፣ የድንኳኑን ነገር እኮ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች።

«የምን ድንኳን?»

ድንቡሼ ነገረቻት። የለበሰችውን ነገረቻት፤ ሱቁ ውስጥ እነማን እንደነበሩና ማን ቀድሞ እንደሳቀ ነገረቻት። ሰፊዋ መጀመሪያ አላስታወሰችም። ከዚያ አስታወሰች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ አሁን ያ ቃል አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያታል። ሐኪሟ «እርስዎ አላመጡባትም» ያለችው ያንን ሳታውቅ ነው። ልጇ ይቅርታ እየሰጠቻት ነው፤ በምላሹ የምትጠይቃት አንድ ስፌት ብቻ ነው። አንጀቷን በላቻት።

በማግስቱ ዚግዛግ ለምሳ ስትወጣ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ የሌሊት ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እርሳሶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ እያንዳንዱን በገበር ጠቀለለች። ጠርዙ ባንድ ወገን እንዳይጎትት አራርቃ ሰፋቻቸው፤ ላዩን በድርብ እጥፋት ሸፈነች። ቀና ብላ በሁለት እጇ ይዛ ስታየው ልብሱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ሌላም ሰፋች፣ ከመጀመሪያው ከበድ ያለ፤ ቁጥሩ ባንድ ጊዜ ዘሎ እንዳያስጠረጥር።

ሐኪሟ አንድ ጊዜ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ሚዛኑን አየች። ግን የደሙ ውጤትም ትንሽ ተሻሽሎ ነበር፤ አልጋ የሚጠብቁ ሰዎችም ኮሪደሩ ላይ ተኝተዋል። ቁጥሩ ሐኪሟ ያለችው ቦታ ሲደርስ ቱቦው ወጣ። በመውጫዋ ቀን ሐኪሟ የሰፊዋን ትከሻ ነካ አድርጋ «የእናት እጅ ከመድኃኒት ይበልጣል» አለቻት። ሰፊዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የሌሊት ልብሶቹን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው። መጀመሪያ ቀን ድንቡሼ ሾርባውን እየሳቀች በላች። ሁለተኛ ቀንም በላች። ከዚያ «ክፍሌ ወስጄ ልብላው፣ ስታዩኝ ይጨንቀኛል» አለች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለስ ጀመር። ሰፊዋ ባዶውን ሳህን ባየች ቁጥር የጎረቤቱ ውሻ ትዝ ይላታል። እሷ ሰፈር ግን ውሻ የለም፤ በዚህ ራሷን አጽናናች።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሱቁ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

«እትዬ፣ ምን ዓይነት መጋረጃ ነው የሰፋችሁልን? መስኮት በተከፈተ ቁጥር ተነስቶ እንግዳ ፊት ላይ ይለጠፋል። ትናንት አንዱን ሰውዬ ከነሻዩ ጠቀለለው።»

«እርሳስ የገባበት መጋረጃ እንዴት ይነሳል?» አለች ዚግዛግ። «የገዛሁት እኔ ነኝ።» እያነከሰች ሄዳ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረደችና ከፈተችው። ባዶ ነበር። ቆርቆሮውን እንደያዘች ወደ ሰፊዋ ዞረች።

«የት ሄደ?»

ሰፊዋ ክር መርፌ ላይ እየሰካች ነበር። አልገባ አላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሁሉ እርሳስ የት ገባ?»

«ልብስ ላይ።»

«የማን ልብስ?»

ሰፊዋ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ እንደገና ሞከረች። ሰውየው አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያል። ዚግዛግ ቆርቆሮውን መሬት ላይ ጣለችው። ስትሮጥ አይቷት የማያውቅ ሰው ነበርና ሥራ አስኪያጁ ከመንገዷ ዘወር አለላት።

ድንቡሼ በጓዳው ልብስ እየተኮሰች ነበር። የተተኮሰው ሁሉ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ተደርድሯል። አልጋዋ አጠገብ የብጥስጣሽ ጨርቅ ከረጢት አለ። ዚግዛግ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ሰደደችና የረጠበ ጨርቅ አወጣች። የኮመጠጠ ሾርባ ሸተተ።

«ተነሺ። ሆስፒታል ነው የምንሄደው፤ አሁን።»

ልጅቷ ካውያውን በዝግታ አስቀመጠች። ዚግዛግን ሳይሆን በሩ ላይ የቆመችውን እናቷን አየች።

«ነገ አባዬ ይገባል» አለች። «በሱ መኪና እንሄዳለን። ዛሬ እራቴን ፊታችሁ እበላለሁ። ሁሉንም። እማ፣ ዛሬን ብቻ።»

«አይሆንም» አለች ዚግዛግ። «ንገሪያት እንጂ! አፍ የለሽም?»

ሰፊዋ ልጇን አየች። የለበሰችው ሹራብ ትናንት ያጠበበችላት ነው፤ ትከሻዋ ላይ ልክክ ብሏል። ቱቦው የቀደደው የአፍንጫዋ ጫፍ ገና አልደረቀም።

«ነገ ጠዋት» አለች ሰፊዋ። «አባቷ ይምጣ።»

ድንቡሼ ቃሏን ጠበቀች። ሩዙን፣ ሾርባውን፣ ዳቦውን፣ የቀረበላትን በሙሉ እያዩአት በላች። ዚግዛግ አጠገቧ ተቀምጣ እያለቀሰች «ጎሽ፣ የኔ እመቤት» ትላት ነበር። ሐኪሟ ባንዴ ስለ መብላት የተናገረችው ለሰፊዋ ትዝ አላላትም።

ጠዋት አባቷ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። የወጣ ሰው አልነበረም። ልብሷን ልታለብሳት የገባችው እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የሞተችውን ልጅ እግር በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

የተቀበረችው በሰርጉ ቀሚስ ነው። ስፖንጁ ስለወጣለት በጣም ሰፍቷት ነበር። አክስቶቿ መርፌ ይዘው ቢመጡም ሰፊዋ አላስነካችም።

ሱቁ አሁንም ክፍት ነው። መጋረጃ ብቻ ይሰፋበታል።